ሕንፃው ሲቃጠል ዳታው የት ነበር? የስትራስቡርግ ቃጠሎ እና ክላውድ የሚከራዩ ድርጅቶች

አንድ ድርጅት ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል የሚጠቀምበትን የሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር፣ ለመከራየት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ፍጥነቱን። ዳታው በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ሕንፃ እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕንፃው ቢቃጠል ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የስትራስቡርግን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ለመተረክ የተነሳሁት ለዚህ ነው። አቅራቢው የሚሸጠው ምን እንደሆነ፣ የእሱ ኃላፊነት የት አልቆ የደንበኛው የት እንደሚጀምር ከዚህ የበለጠ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃጠሎው

ቦታው የፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ነው። ከተማዋ ከጀርመን ድንበር ጋር ትዋሰናለች። በራይን ወንዝ ወደብ አካባቢ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው ኩባንያ ዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም ብዙ ሰርቨሮች (ዳታ የሚያከማቹ ትልልቅ ኮምፒውተሮች) የሚቀመጡባቸው ሕንፃዎች፣ ነበሩት። ኩባንያውን በ1999 የመሠረተው ኦክታቭ ክላባ ነው። ከአውሮፓ ትልልቅ የክላውድ አቅራቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በዋጋ ርካሽነቱ ብዙ ትንንሽና መካከለኛ ድርጅቶችን ስቧል። የራሱን ሰርቨሮችም ራሱ ነው የሚገጣጥመው።

በግቢው ውስጥ አራት ዳታ ሴንተሮች ነበሩ። ስማቸው ከኤስቢጂ 1 እስከ ኤስቢጂ 4 ነው። ማርች 10 ቀን 2021፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከ47 ደቂቃ በኋላ ኤስቢጂ 2 ውስጥ እሳት ተነሳ። ባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። እሳቱ ወደ ኤስቢጂ 1 ተሻግሮ ከ12 ክፍሎቹ አራቱን አቃጠለ። ኤስቢጂ 3 እና ኤስቢጂ 4 አልተቃጠሉም። ግን ለእሳት ማጥፋቱ ሲባል የግቢው መብራት በሙሉ ስለተቋረጠ እነሱም ጠፉ። ደግነቱ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ክላባ በዚያው ሌሊት በትዊተር ለደንበኞቹ መልእክት ጻፈ። ትልቅ አደጋ መድረሱን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳቱን መቆጣጠር እንዳልቻሉ፣ ግቢው በሙሉ መዘጋቱን ነገራቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ምክር ጨመረ፤ ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጃችሁትን የማገገሚያ ዕቅድ ሥራ ላይ አውሉ አላቸው።

ዕቅድ የነበረው ደንበኛ ዕቅዱን አወጣ። ያልነበረው ግን ምን ያድርግ? በዚያ ሌሊት ስንት ሰው ስልኩን ይዞ ያንን መልእክት ደጋግሞ እንዳነበበ ሳስብ ያመኛል።

ኔትክራፍት የተባለው የኢንተርኔት ጥናት ድርጅት እንደቆጠረው 3.6 ሚሊዮን ገደማ ዌብሳይቶች ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል። የፓሪሱ የፖምፒዱ የባህል ማዕከል ዌብሳይት ተቋርጧል። የፈረንሳይ መንግሥት ዳታውን ለሕዝብ የሚያቀርብበት ፖርታልም እንዲሁ። እነዚህ ተመልሰዋል። የማይመለስ ነገር ያጡም ነበሩ። ረስት የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራው ፌስፓንች 25 የአውሮፓ ሰርቨሮቹን አጣ። ኩባንያው ለተጫዋቾቹ በግልጽ ነገራቸው፤ ዳታው ጠፍቷል፣ መመለስ አይቻልም። ጨዋታ ስለሆነ ቀላል ሊመስል ይችላል። ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ የሂሳብ መዝገብ፣ የደንበኛ ዝርዝር፣ የትዕዛዝ ታሪክ የነበራቸው ድርጅቶችም ነበሩ።

ደንበኞቹ የገዙት ምን ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን መሠረቱን እንይ። ክላውድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ድርጅት ሰርቨር ከፈለገ ማሽኑን ይገዛል። ክፍል ያዘጋጅለታል። ማቀዝቀዣ፣ ዩፒኤስ፣ ጀነሬተር ያስገባል። ባለሙያ ይቀጥራል። ከዚያ ማሽኑ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም ወጪው ይቀጥላል። ክላውድ ይህን ወደ ኪራይ ቀየረው። ዛሬ የምናውቀው መልክ በሰፊው የታየው አማዞን በ2006 ሁለት አገልግሎቶችን ሲከፍት ነው። በማርች ፋይል ማስቀመጫውን፣ በኦገስት ደግሞ በሰዓት የሚከራይ ቨርቹዋል ሰርቨሩን ለገበያ አቀረበ።

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 ባወጣው ትርጉም መሠረት አንድ አገልግሎት ክላውድ ለመባል አምስት ባሕርያት ያስፈልጉታል። ደንበኛው ሰው ሳያነጋግር በራሱ ማዘዝ መቻል አለበት። አገልግሎቱ በኔትወርክ የሚገኝ መሆን አለበት። የአቅራቢው ማሽኖች ለብዙ ደንበኞች በጋራ ይከፋፈላሉ። አቅሙ እንደ ፍላጎት ቶሎ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አጠቃቀሙ ይለካል።

ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ውስጥ «ዳታህ በሌላ ቦታ ቅጂ ይኖረዋል» የሚል የለም። ትርጉሙ ስለ አቅርቦቱ መንገድ እንጂ ስለ ዳታው ደኅንነት ቃል አይገባም። ብዙ ሰው ግን ክላውድ ሲባል ዳታው በራሱ ጊዜ በየቦታው የሚባዛ ይመስለዋል። የስትራስቡርግ ጉዳት የከፋውም እዚህ ላይ ነው። በእምነቱና በውሉ መካከል ሰፊ ክፍተት ነበር።

አገልግሎቶቹ በደረጃ ይለያያሉ። ከታች ጥሬ መሠረተ ልማት አለ። ሰርቨር፣ ዲስክና ኔትወርክ ትከራያለህ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ራስህ ታስተዳድራለህ። መሐል ላይ ፕላትፎርም አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንና ዳታቤዙን አቅራቢው ይይዛል፣ አንተ የራስህን ፕሮግራም ብቻ ታስቀምጣለህ። ከላይ ያለቀለት ሶፍትዌር አለ፤ ኢሜይል፣ የሂሳብ ፕሮግራም፣ የሠራተኛ ማስተዳደሪያ። በአካውንትህ ትገባለህ፣ ትጠቀማለህ፣ በወር ትከፍላለህ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የአቅራቢው ሥራ ይጨምራል፣ ያንተ ይቀንሳል። ግን አንድ ነገር በሦስቱም ደረጃ አንተው ዘንድ ይቀራል። የዳታው ባለቤት አንተ ነህ፤ ቢጠፋ የሚጎዳውም ያንተ ሥራ ነው።

ኦቪኤች ስትራስቡርግ ላይ ይሸጥ የነበረው በአብዛኛው ከታችኛው ደረጃ ነበር። ሙሉ ሰርቨር ለአንድ ደንበኛ ያከራያል። አንዱን ማሽን ከፋፍሎ ቨርቹዋል ሰርቨሮች ይሸጣል። የዌብሳይት ማስቀመጫና በሰዓት የሚከፈልበት የክላውድ አገልግሎትም አለው። ሙሉ ሰርቨር የተከራየ ሰው የተከራየው አንድ ማሽን ነው። ማሽኑ ያለበት ክፍል ከተቃጠለ ማሽኑ የለም። ውሉ ላይ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ካልተጻፈ ባክአፕም የለም። ለብዙዎቹ አገልግሎቶች ባክአፕ በተጨማሪ ክፍያ የሚመረጥ ነገር ነበር። ማዘዣው ገጽ ላይ ያለችውን ያቺን ሳጥን ምልክት ሳያደርጉ ያለፉ ብዙ ናቸው።

ከቃጠሎው በኋላ ኩባንያው የትኛው አገልግሎት ባክአፑ እንደዳነ፣ የትኛው እንደጠፋ በዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ በአገልግሎት ዓይነት ይለያይ ነበር። አንድ ዓይነት አደጋ የደረሰባቸው ሁለት ድርጅቶች፣ የገዙት አገልግሎት ስለተለያየ ብቻ፣ አንዱ ሥራውን ሲቀጥል ሌላው ባዶ እጁን ቀርቷል።

እሳቱ ለምን አልቆመም?

ክላባ በማግስቱ ባወጣው ቪዲዮ የሚያውቀውን ተናገረ። ሙቀት የሚያዩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ካሜራዎች ሁለት ዩፒኤሶች ሲነዱ አሳይተዋል። ከሁለቱ አንዱ እሳቱ ከመነሳቱ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት በመሣሪያው አቅራቢ ባለሙያ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ሰርቨሮቹን ከአደጋ ለመጠበቅ የገባው መሣሪያ የአደጋው መነሻ ሆኖ ተገኘ።

የአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ በኋላ ባወጣው ሪፖርት ላይ የሰፈረው ግን ከመነሻው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሕንፃው ራሱ በራሱ እሳት የሚያጠፋ ሲስተም አልነበረውም። ኤሌክትሪኩን ከውጭ በአንድ ጊዜ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያም አልነበረውም። ሠራተኞቹ ሲደርሱ በኃይል ክፍሉ በር አካባቢ ከአንድ ሜትር የሚረዝም የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያዩ ውኃ መርጨት አልቻሉም። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ከኤሌክትሪክ ለመለየት ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ጣሪያዎቹ ከእንጨት ነበሩ፣ እሳት እንዲቋቋሙ የታሰቡትም ለአንድ ሰዓት ነው።

አሠራሩም አባባሰው። ሕንፃው ሰርቨሮቹን ለማቀዝቀዝ የውጭ አየር በተፈጥሮ እንዲዘዋወርበት ተደርጎ ነው የተገነባው። ይህ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ዋጋም ያስቀንሳል። ኩባንያው ርካሽ መሆን ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። እሳት ሲነሳ ግን ያው የአየር መተላለፊያ እሳቱን እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ሳበው። ከራይን በኩል ትልቅ የእሳት ማጥፊያ ጀልባ መጥታ ውኃውን እየሳበች ባትረዳ ኖሮ ጉዳቱ የበለጠ ይሰፋ ነበር።

አራት ስም፣ አንድ ግቢ

ለድርጅቶች በጣም የሚጠቅመው ክፍል ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤስቢጂ 1፣ 2፣ 3፣ 4። በወረቀት ላይ አራት ዳታ ሴንተር ነው። አንድ ደንበኛ ሰርቨሩን ኤስቢጂ 2፣ ባክአፑን ኤስቢጂ 1 ቢያስቀምጥ «በሁለት ዳታ ሴንተር አለኝ» ማለት ይችላል። ግን ሕንፃዎቹ ጎን ለጎን ነበሩ። አንድ ግቢ፣ አንድ አጥር፣ አንድ የእሳት አደጋ። አንደኛው ሲነድ ሌላኛው ተነካ፣ የቀሩት ደግሞ ተዘጉ።

ማስጠንቀቂያውም አስቀድሞ መጥቶ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 2017 ለግቢው ኃይል የሚያቀርቡት ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች ተበላሹ። ጀነሬተሮቹም አልተነሱም። የስትራስቡርግ ግቢ በሙሉ ለሰዓታት ጠፋ። ያን ቀን የተቃጠለ ነገር ስላልነበረ ዳታው ተመለሰ። ጉዳዩም ቀስ በቀስ ተረሳ። ግን በግቢው ያሉት ዳታ ሴንተሮች ዕጣቸው አንድ መሆኑ ያኔ በግልጽ ታይቷል። አቅራቢህ ከዚህ በፊት አገልግሎቱ ተቋርጦበት ከሆነ ያንን ሪፖርት ፈልገህ አንብብ። ከማስታወቂያው በላይ ብዙ ይነግርሃል።

ትልልቆቹ አቅራቢዎች ይህን በሁለት እርከን ይፈቱታል። አንደኛው ሪጅን ነው፤ ሰፋ ያለ አካባቢ ማለት ነው። በአንድ ሪጅን ውስጥ ደግሞ ዞኖች አሉ። እያንዳንዱ ዞን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ዳታ ሴንተር ይይዛል። ኃይሉም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ኔትወርኩም የየራሱ ነው። አማዞን ዞኖቹን በኪሎ ሜትሮች ያራርቃቸዋል፣ ግን ሁሉም እርስ በርስ በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናቸው። ርቀቱ በስሌት ነው። እሳት ወይም ጎርፍ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይመታ ይራራቃሉ፤ ዳታ በቅጽበት እንዲመላለስ ደግሞ ይቀራረባሉ።

ታዲያ ሻጩ «ሁለት ቦታ ነው የምናስቀምጠው» ሲልህ፣ በሁለቱ መካከል ስንት ኪሎ ሜትር እንዳለና የኤሌክትሪክ ምንጫቸው የተለያየ መሆኑን ጠይቅ። በጽሑፍ እንዲመልስልህም አድርግ። በሚቀጥለው ክፍል እንደምናየው፣ ጽሑፉ ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ?

አንድ የፈረንሳይ ድርጅት ቨርቹዋል ሰርቨር ከኦቪኤች ተከራይቶ ነበር። ይህ ድርጅት ሳጥኗን ምልክት አድርጓል። ለባክአፕ አገልግሎት ተጨማሪ ከፍሏል። ማድረግ የነበረበትን አድርጓል ማለት ነው። ቃጠሎው ሲደርስ ግን ሰርቨሩም ባክአፑም አብረው ጠፉ።

ጉዳዩ ወደ ሊል ከተማ የንግድ ፍርድ ቤት ሄደ። ክርክሩ የተሽከረከረው በውሉ ላይ ባለ አንድ ሐረግ ዙሪያ ነው። ውሉ ባክአፑ ሰርቨሩ ካለበት መሠረተ ልማት በአካል ተለይቶ እንደሚቀመጥ ይላል። ታዲያ በአካል መለየት ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ መደርደሪያ? ሌላ ክፍል? ሌላ ሕንፃ? ኩባንያው ቃጠሎው ከአቅም በላይ የሆነ ክስተት ነው ብሎም ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 2023 ላይ ለደንበኛው ፈረደ። ባክአፑ ሰርቨሩ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ከተቀመጠ ተለይቷል ሊባል አይችልም አለ። ከአቅም በላይ የሚለውንም አልተቀበለም። ባክአፕ የሚገዛው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነውና። ከ100,000 ዩሮ በላይ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ።

ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሌሎች ደንበኞችም በቡድን ተደራጅተው ክስ መሥርተዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን የካሳው መጠን አይደለም። ቃጠሎው የደረሰው በ2021 ነው፣ ውሳኔው የወጣው በ2023። ዳታውን ያጣ ድርጅት ሁለት ዓመት ሊጠብቅ አይችልም። ካሳ ዳታ አይመልስም፤ የሄደ ደንበኛም አይመልስም።

ለዚህ ነው ውልን ከመፈረም በፊት ማንበብ የሚያዋጣው። የክላውድ ውል ላይ የአገልግሎት ዋስትና የሚባል ክፍል አለ። ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይጻፋል። 99.9 በመቶ ሲባል ሰው ሁሉ ሙሉ ያህል ነው ብሎ ያልፈዋል። ሲሰላ ግን በዓመት ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ይፈቅዳል። 99.99 በመቶ ወደ 52 ደቂቃ ያወርደዋል። ዋስትናው ከተጣሰ የምታገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ክፍያህ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ካልተሸጠልህ ዕቃ፣ ካጣኸው ደንበኛ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እንዲሁም ይህ መቶኛ የሚናገረው አገልግሎቱ ክፍት ስለመሆኑ ነው። ዳታህ እንደማይጠፋ ማረጋገጫ ሌላ ነገር ነው፣ ለብቻው መፈለግ አለበት።

ታዲያ ክላውድ ይቅር?

አይቅር። ይህን ጉዳይ አንብቦ ወደ ቢሮ ሰርቨር ለመመለስ የሚያስብ ካለ በጣም ይሳሳታል። የቢሮ ሰርቨርም ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባበታል። ያውም ብዙ ጊዜ ጥበቃው ከዳታ ሴንተር በጣም ያነሰ ነው። ስትራስቡርግ ላይ ራሱ ክላውድ ጥቅሙን አሳይቷል። ቅጂው በሌላ ከተማ የነበረው ደንበኛ ሌላ ሳይት ላይ አዲስ ሰርቨር አዝዞ ሥራውን መቀጠል ችሏል። ማሽን ገዝቶ፣ አስመጥቶ፣ ገጥሞ እስኪጨርስ ቢሆን ኖሮ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ክላውዱ አማራጩን ሰጥቷል። አማራጩን አስቀድሞ መምረጥ ግን የደንበኛው ፋንታ ነበር።

ምርጫውን የሚወስኑ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሥራህ ምን ያህል ጊዜ ቢቆም ትችላለህ? የስንት ሰዓት ዳታ ብታጣ ትችላለህ? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንድ የሥልጠና ተቋም ዌብሳይቱ አንድ ቀን ቢጠፋ ይችለዋል፣ የተማሪዎቹን ውጤት ግን የአንድ ሰዓትም ማጣት አይፈልግም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ሁለቱንም አይችልም። መልሱ ከታወቀ ዋጋው ይከተላል። ባክአፕ በቀን አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ርካሽ ነው። በሁለት ቦታ አንድ ላይ የሚሠራ ሲስተም መገንባት ውድ ነው፣ ባለሙያም ይፈልጋል። ሁሉም ድርጅት ሁለተኛውን አይፈልግም። የመጀመሪያው ግን የማያስፈልገው ድርጅት ያለ አይመስለኝም።

ባለሙያዎች የሚከተሉት አንድ የቆየ ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች፣ አንዱ ከቦታው ውጪ። ስትራስቡርግ ላይ የተጎዱት ሦስተኛው ነጥብ የጎደላቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ባክአፕ ጭራሽ አልነበራቸውም። ሌሎቹ ባክአፕ ነበራቸው፣ ግን ከቦታው አልወጣም።

ቦታ ብቻም አይበቃም። አካውንትም አለ። በ2014 ኮድ ስፔስስ የተባለ ድርጅት ሁሉ ነገሩን፣ ባክአፑንም ጨምሮ፣ በአንድ የአማዞን አካውንት ሥር አስቀምጦ ነበር። ሰርጎ ገብ የማስተዳደሪያ ገጹን ተቆጣጠረ፣ ገንዘብ ጠየቀ፣ ከዚያ ዳታውንም አብዛኛውን ባክአፕም ደመሰሰ። ድርጅቱ በዚያው ተዘጋ። በ2024 ደግሞ ዩኒሱፐር በተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ላይ ሌላ ነገር ደረሰ። በጎግል ክላውድ በኩል በተፈጠረ የአሠራር ስህተት ፈንዱ ይጠቀምበት የነበረው የግል ክላውድ ተሰረዘ። ፈንዱ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቅጂ ነበረው፣ ግን ስረዛው ሁለቱንም አዳረሰ። ከ600,000 በላይ አባላት ለአንድ ሳምንት ገደማ አካውንታቸውን ማየት አልቻሉም። ፈንዱን ወደ ሥራ ለመመለስ በሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠው ባክአፕ ረድቶታል።

ስለዚህ ከቦታው የወጣው ቅጂ ከአካውንቱም ቢወጣ ይመረጣል። ፓስዎርዱ የተለየ ይሁን። መሰረዝ የሚችለውም ሰው የተለየ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰው ሁሉ የሚያልፈው። ባክአፑ በእርግጥ ይመለሳል ወይ? በየሌሊቱ የሚሠራ፣ «ተሳክቷል» የሚል ኢሜይል የሚልክ ባክአፕ ሲከፈት ባዶ ወይም የተበላሸ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚታወቀው መልሰህ ስትሞክረው ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ቀን ውሰዱ። ባዶ ሰርቨር በሌላ ሪጅን ተከራዩ፣ ከባክአፑ ብቻ ተነስታችሁ ሲስተሙን አስነሱ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መዝግቡ። በሰዓት የሚከፈልበት ኪራይ ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ ትዘጉታላችሁ፤ ወጪውም ትንሽ ነው። የማስነሻው መመሪያና ፓስዎርዶቹ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ብቻ እንዳይቀመጡ ደግሞ አደራ።

ኩባንያውስ ምን ሆነ?

ከቃጠሎው ሁለት ቀን በፊት፣ ማርች 8 ላይ፣ ኦቪኤች አክሲዮን ለሕዝብ የመሸጥ ሂደት መጀመሩን ይፋ አድርጎ ነበር። ሂደቱ አልቆመም። ኦክቶበር 15 ቀን 2021 በፓሪስ ገበያ በ18.50 ዩሮ የመነሻ ዋጋ ገባ። መሐል ላይ ያለው ጊዜ ግን ከባድ ነበር። ከጭስና ከጥላሸት የተረፉ ሰርቨሮች ተፈታትተው ጸዱ፣ ወደ ሌሎች ሳይቶች ተጓዙ። ኤስቢጂ 3 ቀስ በቀስ ተመለሰ። ኤስቢጂ 1ን ለማስነሳት ሲሠራ ማርች 19 ላይ ከባትሪ ክፍል ጭስ ወጣ። ክላባ ሕንፃው ከእንግዲህ አይነሳም አለ።

ክላባ በዚያው ሰሞን ባክአፕ ደንበኛው ሳያዝዘው በራሱ ተካትቶ በነጻ እንደሚሰጥ ተናግሯል። ደንበኞች ባክአፕ በራሱ የተካተተ ይመስላቸው እንደነበር አምኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛው ምን እንደሚያስብ አውቆ ምርቱን ወደዚያ ማስጠጋት ከአቅራቢ የሚጠበቅ ነው፣ ቢዘገይም።

በኋላም ኩባንያው ፓሪስ ላይ ሦስት የተራራቁ ዞኖች ያሉት ሪጅን ከፍቷል። ዛሬ ደንበኛ ሲያዝዝ ባለ አንድ ዞን ወይስ ባለ ሦስት ዞን ሪጅን እንደሚፈልግ ገጹ ላይ ተጽፎ ያያል።